ከቆጠራ እስከ ቆጠራ

ሃክል ሸለቆ፣ ቴነሲ
ኦክቶበር 14 ቀን 1973

የወንድሜ ልጅ ሎሪን፣

ሰላምታሽ ከነጉንፋንሽ ደርሶኛል። ፖስተኛው ደብዳቤሽን እጄ ላይ ሲያስቀምጥ «ከዋሽንግተን ነው ሚስ አርሚንዳ፤ ትልልቆቹ ሰዎች ናቸው እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ ምክር ቸግሯቸው ነው» አልኩትና በሩን ዘጋሁበት። ካልዘጉበት እስከ ምሳ አይሄድም።

ጤናዬን ጠይቀሻል። ጉልበቴ ብርዱ መምጣቱን ከሬዲዮው ቀድሞ ያወራል፤ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ። የበቆሎ ዳቦዬን አሬራ ውስጥ ፈርፍሬ እበላለሁ፣ ዶሮዎቼን እቆጣለሁ። ወንዙ ላይ ግድብ የሚሠሩት ሰዎች ቤተ ክርስቲያኑን ስላፈረሱት እሁድ እሁድ ብቻዬን እዘምራለሁ። የሚያርመኝ ሰው ስለሌለ ድምፄ ተሻሽሏል።

«ለምን እንደሌላው ሰው አይወጡም?» ላልሽኝ ልመልስልሽ። ቤቱን እለቃለሁ ብዬ ከፈረምኩ ቆየሁ። ቤት እንጨት ነው። አያቴ አብሰሎም ከካሮላይና ተራራውን ተሻግሮ እዚህ የገባው የአገሩ ቀደምት ሕዝብ ቼሮኪዎቹ በወታደር በተነዱ በዓመቱ ነው፤ ሰው እያለቀሰ በወጣበት መሬት ገብተን ኖርን፣ ዛሬ ተራው የእኛ ሆነ። ግድቡ ሲያልቅ ውኃው እስከ ጭስ ማውጫዬ ይመጣል ይላሉ። ይምጣ። እኔን የያዘኝ ኮረብታው ነው።

አንቺ በልጅነትሽ የወጣሽ ስለሆነ ላስታውስሽ። ኮረብታው ላይ ፊደል ያለባቸው አራት መቃብሮች አሉ፤ አያቴ አብሰሎም፣ አያቴ ኬዝያ፣ አባቴ ሃይረምና እናቴ። ከኬዝያ እግር ሥር ደግሞ አሥራ አንድ ያልተጠረቡ ድንጋዮች አሉ። ጽሑፍ የላቸውም። አባቴ «የአያትሽ ልጆች ናቸው» ብሎኛል፣ ከዚያ በላይ እሱም አያውቅም ነበር።

ከግድቡ መሥሪያ ቤት ሚስተር ቨርነን ሃች የሚባል ሰው መጥቶ ነበር። ዘመድ ያለውና በወረቀት የተረጋገጠ መቃብር ሁሉ ለየብቻው ሣጥን ተሠርቶለት ውኃው ወደማይደርስበት ቦታ ይሄዳል። ያልተረጋገጠው እዚያው ይቀራል። ድንጋዮቹን በጫማው ጫፍ እየነካ «እነዚህ የእርሻ ድንበር ሊሆኑ ይችላሉ» አለኝ። እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶኛል።

አንቺ የምትሠሪበት ቢሮ አሮጌ የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦች ከሚቀመጡበት ቤት አጠገብ ነው ብለሽኝ ነበር። ሂጂና እይልኝ። መንግሥት በየአሥር ዓመቱ በራችንን እያንኳኳ ሲቆጥረን ኖሯል፤ እስቲ የቆጠራቸውን ልጆች ያውጣልን። ሎሪን፣ አንዱንም ውኃ ውስጥ ትቼ አልወጣም። ይህን ዛቻ ነው እንዳትይ፤ ፍርሃት ነው።

አክስትሽ አርሚንዳ


ዋሽንግተን
ኖቬምበር 18 ቀን 1973

የተከበሩ አክስቴ፣

አምስት ሳምንት ሙሉ ስላስጠበቅኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጉንፋኑ ለቆኛል። «ተራ ሰው ያስገባሉ ወይ፣ ባርኔጣስ ያስፈልጋል?» ብለው በካርድ ለጠየቁኝ፣ ማንንም ያስገባሉ፣ ባርኔጣም አያስፈልግም። መዝገቡን ራሱን ግን አያስነኩም። ገጾቹ በፊልም ተነሥተዋል፤ ጥቅሉን መሣሪያው ላይ አስገብቶ እጀታውን እያዞሩ ማንበብ ነው። የምሳ ሰዓቴንና ቅዳሜዎቼን እዚያ አሳለፍኩ።

በ1840 መንግሥት በስሙ የሚጽፈው አባወራውን ብቻ ነበር። ሌላው ቤተሰብ በዕድሜና በፆታ በተከፋፈሉ ጠባብ ሣጥኖች ውስጥ ጭረት ነው። ብዙ መቶ ስሞች አልፌ «አብሰሎም ስዋፎርድ» የሚለውን ሳይ ሳላስበው ጮክ ብዬ አነበብኩት። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ «እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሰው የራሱን ሙታን ስለሚፈልግ ማንም በማንም አይስቅም።

ከስሙ በስተቀኝ ከሃያ እስከ ሠላሳ ዓመት በሚለው የሴቶች ሣጥን ውስጥ አንዲት ጭረት አለች። አያትዎ ኬዝያ ናት። ተራራ ተሻግራ፣ ልጅ አቅፋ፣ ቤት ሠርታ፣ ለመንግሥት አንዲት ጭረት ነበረች። ከአምስት ዓመት በታች ደግሞ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። በ1850 ነፃ የተባለ ሰው ሁሉ ስም አገኘ፤ ባሪያ የተባሉት ሌላ ሃያ ዓመት ጠብቀዋል። ያኔ ቤቱ ውስጥ ጄሲ 12፣ ኦርፋ 9፣ ሌሙኤል 3፣ አንዲትም የሁለት ወር ሕፃን ነበሩ። ኦርፋ በ1840 ስላልተወለደች፣ ያቺ በጭረት የተጻፈችው ልጅ ሌላ ናት፤ ሞታለች ማለት ነው።

በ1860 ደግሞ ጄሲ፣ ኦርፋ፣ ዲላይላ 8፣ ሌሙኤል 6፣ ያቺው ሕፃን የነበረችው ታናሽ እህቱ 4፣ አባትዎ ሃይረም የአምስት ወር ሕፃን። የሌሙኤልና የእህቱ ዕድሜ ትክክል አይደለም፤ ቆጣሪው ወይ ግድ የለሽ ወይ ሰካራም ነበረ። በ1870 ሁለቱም የሉም፣ ድረዋቸው እንዳይባል ገና ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ሦስት አግኝቻለሁ፤ ያቺን የጭረቷን ልጅ፣ ሌሙኤልንና ታናሽ እህቱን። ጊዜ እንዳያልፍብን ብዬ «አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች» በማለት ለሚስተር ሃች በቀጥታ ልኬያለሁ። የታናሽ እህቱን ስም በዚህ ደብዳቤ አልጻፍኩትም። ፊት ለፊት ስንገናኝ ብነግርዎ ይሻላል። ይህንንም ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ሎሪን


ሃክል ሸለቆ
ዲሴምበር 11 ቀን 1973

ሎሪን፣

ሰላምታውን ወደ ኋላ አደርሰዋለሁ፤ መጀመሪያ ልቆጣ።

ሚስተር ሃች ማክሰኞ መጣ። ቀይ ጨርቅ የታሠረባቸው ሦስት ችካሎች ይዟል። አብረን ኮረብታው ላይ ወጣን።

«ሚስ አርሚንዳ፣ ወረቀቱ ሦስት ይላል» አለኝ።

«ድንጋዩ አሥራ አንድ ይላል።»

«ድንጋይ አይናገርም።»

«አንተ አትሰማም እንጂ።»

ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው። የትኞቹ ሦስት እንደሆኑ ይምረጡልኝና ችካሉን ልትከል» አለኝ።

ምረጪ አለኝ፣ ትሰሚያለሽ? ከአሥራ አንድ ሕፃን ሦስቱን «ኑ»፣ ስምንቱን «ቅሩ» ልበል? እኔ ልጅ ወልጄ አላውቅም፣ የወለደ ሰው ግን እንዲህ ያለ ነገር ቢጠየቅ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ችካሎቹን ተቀብዬው ቤት ገባሁና ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው። ደረቅ እንጨት ነበሩ፣ በደንብ ነደዱ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ቆጣሪው ሰካራም ነበር ትያለሽ? በ1850 ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ በ1860 ስድስት የሚሆነው በየት አገር ነው? በቅሎ እንኳ ከዚያ በላይ ታድጋለች! ከተማ ገብተሽ የአገርሽን ወግ ረሳሽው። እዚህ ሸለቆ ልጅ ሲሞት ስሙ አብሮት አይቀበርም። ለሚቀጥለው ይሰጣል። ጎረቤቴ ጄተር እኮ ሦስተኛው ጄተር ነው፤ ሁለቱ አልበረከቱም፣ እሱ ግን ይኸው ሰማንያ ዓመት ሙሉ አስቸገረን። ስሙን ለሌላ ልጅ መስጠት ሞትን መናቅ ነበር፣ ወይም መለመን፤ እኔ አላውቅም። ስለዚህ ልጄ፣ ሁለት ሌሙኤል ነበሩ። የእህቱም ዕድሜ አልገጠመም ካልሽ እሷም ሁለት ናት።

ይኸው አምስት ሆኑልሽ። እኔ ዶሮ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሁለቱን አገኘሁ፤ አንቺ ያን ሁሉ መሣሪያ ይዘሽ ስድስቱን አጣሽብኝ? ቁጣዬ አለቀ። ሰላም ላንቺ ይሁን። የደረቀ ፖም በፖስታ ልኬልሻለሁ፣ ለገና ኬክ ይሆንሻል። ፖስተኛው ካልበላው።

አርሚንዳ


ዋሽንግተን
ጃንዋሪ 22 ቀን 1974

የተከበሩ አክስቴ፣

ፖሙ ደርሷል፤ ከረጢቱ በትንሹ የቀለለ መስሎኛል፣ ፖስተኛውን ግን አላማሁም።

ያን ቆጣሪ ያለ ኃጢአቱ ሰካራም ብዬዋለሁ። በጥንቃቄ የጻፈውን እኔ በችኮላ አንብቤ ሁለት ልጆችን ከአንድ አደባለቅኳቸው፣ በዚያም የተነሣ እርስዎን «ይምረጡ» አስባልኩዎ። ለሚስተር ሃች ማስተካከያ ልኬያለሁ።

በካርድ የ1890ውን መዝገብ ለጠየቁኝ፣ ተቃጥሏል፤ የአገሩ ሁሉ መዝገብ በእሳት ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የ1900ው ግን ከሰባ ዓመት በላይ ተዘግቶ ኖሮ አሁን በቅርቡ ተከፈተ። ፈቃድ ጠይቄ፣ ሁለት ጊዜ መልሰውኝ፣ ባለፈው ሐሙስ ገባሁ።

አክስቴ፣ የሚከተለውን ተቀምጠው ያንብቡት። በዚያ ዓመት መንግሥት እናቶችን ሁሉ ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቁ ቆጣሪዎቹን አዝዞ ነበር። የስንት ልጆች እናት ነሽ? ከእነሱ ስንቱ በሕይወት አሉ? የሃይረም ስዋፎርድን ቤት አገኘሁ። «ኬዝያ፣ እናት፣ ባሏ የሞተባት፣ 81።» መስመሩን በጣቴ ተከትዬ ሄድኩ። የስንት ልጆች እናት፣ 16። በሕይወት ያሉ፣ 3።

እጀታውን ማዞር ተውኩ። የመዝገብ ክፍሉ ጠባቂ መጥታ «አገኘሽው?» አለችኝ፤ ስክሪኑን አሳየኋት፣ አነበበችና ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰባት ልጆች አሉ አክስቴ፣ በአንድ ቆጠራና በሚቀጥለው መካከል ተወልደው፣ በዚያው መካከል የሞቱ። ቆጣሪው በየአሥር ዓመቱ ሲያንኳኳ ወይ ገና አልመጡም ወይ ሄደዋል። በየትኛውም ወረቀት ላይ ጭረት እንኳ አልሆኑም። እሷ ግን ሁሉንም ይዛ ሰማንያ አንድ ዓመት ጠብቃ፣ አንድ ቀን መንግሥት ራሱ መጥቶ ሲጠይቃት በአንድ ቁጥር አስቆጠረቻቸው። እንዲህ ያለ ሰው ዘሬ ነው ብዬ ለማሰብ አልደፍርም፤ ከዚያ ቤት የወጣ ደም ግን ውስጤ አለ።

አሁን ችግሩን ልንገርዎ። ከአሥራ ስድስቱ ሦስቱ ሲቀነሱ አሥራ ሦስት ሞተዋል። ጄሲ በእርስ በርስ ጦርነቱ ሞቶ እዚያው ጦር ሜዳው ተቀብሯል። ኮረብታው ላይ አሥራ ሁለት ይቀራሉ። ድንጋዩ ግን አሥራ አንድ ነው። ሚስተር ሃች ወረቀቱንና ድንጋዩን አነጻጽሮ «አይገጥምም» ካለ ሁሉንም ይጥልብናል። እባክዎ እንደገና ይቁጠሩልኝ። ያን ዕለት እቤት ውስጥ የነበሩ ሰዎች ዝርዝር መጨረሻ ላይ «አርሚንዳ፣ 6» የሚል አለ። እዚያ ነበሩ፤ የሚያስታውሱት ነገር ካለ ይጻፉልኝ።

ሎሪን


ሃክል ሸለቆ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1974

ሎሪን ልጄ፣

አዎ፣ አስታውሰዋለሁ። ሰውዬው ነጭ በቅሎ ነበረችው፣ መዝገቡም ከኮርቻው ይሰፋ ነበር። አያቴ በረንዳው ላይ አተር ትፈለፍላለች። ጥያቄውን ሲጠይቅ አባቴ ቀደም ብሎ «አሥር ይሆናሉ» አለ። አያቴ ቀና አላለችም።

«አንተ ምን ታውቃለህ» አለችው። «አንተ ስትወለድ ስንቱ አልፎ! አንተ ሰውዬ፣ አሥራ ስድስት ብለህ ጻፍ።»

«በሕይወት ያሉትስ እማማ?»

«ሦስት።»

ሰውዬው ብዕሩን አንሥቶ ቆየ። «ጻፍ እንጂ፣ ቀለሙ ይደርቅብሃል» አለችው። ጻፈ። ቀዝቃዛ አሬራ ሰጠችውና ሄደ። ሳትቆጥር፣ ጣቷን ሳታጥፍ ነው የመለሰችው። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ያየሁት በቅሎዋን ነው። ዛሬ ግን ደብዳቤሽን አንብቤ ወደ በረንዳው ወጣሁና አተር የፈለፈለችበትን ቦታ ቆሜ አየሁት።

አሁን ሌላውን ልናገር። ድጋሚ መቁጠር አያስፈልገኝም። አሥራ አንድ ነው። አሥራ ሁለት ነበር።

ቆጣሪው በመጣ በዚያው በጋ የአሻንጉሊት ቤት ስሠራ ለምድጃ የሚሆን ድንጋይ ፈለግኩ። ኮረብታው ላይ ወጣሁና ከሁሉም ትንሿን፣ ከአንድ ዳቦ የማትበልጠውን ነቅዬ ወንዙ ዳር ወሰድኳት። አባቴ ሲያይ አርጩሜ ቆረጠ። አያቴ ከቤት ወጣች፣ ድንጋዩን አየች፣ እኔን አየች። ትቆጣለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ተዋት ሃይረም» አለች። «የወሰደችው እሷ ከሆነች ግድ የለም። ሌላ ልጅ ቢሆን እኔው እገርፈው ነበር።» ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፣ እኔም ከአርጩሜ ስለተረፍኩ አልጠየቅኩም። በዚያው ክረምት ወንዙ ሞልቶ የአሻንጉሊቴን ቤት ከነምድጃው ወሰደው።

ሰባ ሦስት ዓመት ለማንም አልነገርኩም። በየዓመቱ በሜይ መቃብር ስናስጌጥ በአሥራ አንዱ ድንጋይ ላይ አበባ አስቀምጥና አንዱን ባዶው ሣር ላይ እጥል ነበር። ሰው ከእጄ የወደቀ እየመሰለው ያነሣልኛል፤ ዞር ሲል እመልሰዋለሁ። ቦታውን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ግን አንዲት አሮጊት ሣር እየጠቆመች «እዚህ ልጅ አለ» ብትል ማን ያምናታል? ምልክቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በእኔ ጥፋት አንዱ ሕፃን ውኃ ውስጥ ቢቀር ከኬዝያ ጋር በምን ፊቴ እገናኛለሁ? አፈርኩ ልጄ። ይህን ስጽፍ እንኳ እያፈርኩ ነው።

አርሚንዳ


ዋሽንግተን
ማርች 3 ቀን 1974

የተከበሩ አክስቴ፣

መጀመሪያ ወረቀቱ። ከዚህ ጋር የ1900ው ገጽ ቅጂ አለ፤ መዝገብ ቤቱ ትክክለኛነቱን መስክሮ ማኅተም አድርጎበታል። ለሚስተር ሃችም አንድ ልኬያለሁ፣ እንዲህ ከሚል ደብዳቤ ጋር፦ «መንግሥት ጠይቋት፣ ነግራው፣ መንግሥት ራሱ ጽፎታል። ማስረጃ የሚሉት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ ይግለጹልኝ።» እንዲህ ያለ ደብዳቤ በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም። ከእርስዎ የወረስኩት ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ የደበቅኩት። «ምኑን ነው እንዲህ የምትሸሽጊው?» ብለው ሁለት ጊዜ በካርድ ጠይቀውኛል። ኮረብታ ሥር ብቻዋን ለምትኖር ሴት በፖስታ የሚላክ ነገር አልመሰለኝም ነበር። ያለፈው ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ግን መደበቁ ኃጢአት ሆነብኝ።

በ1850 የሁለት ወር ሕፃን የነበረችው፣ የሌሙኤል ታናሽ፣ ስሟ አርሚንዳ ነው። በ1860 አራት ዓመት የሆናት፣ እርስዎ ሁለተኛ ናት ያሏት፣ እሷም አርሚንዳ ናት። ሁለቱም ኮረብታው ላይ ናቸው። ከዚያ በኋላ ኬዝያ በዚያ ስም ሌላ ልጅ አልጠራችም። ሠላሳ ዓመት አልፎ ልጇ ሃይረም ሴት ልጅ ሲወልድ ነው ስሙ የተመለሰው። ስም ያወጣችልዎ አያትዎ ናት ወይስ ሌላ ሰው? እኔ መልሱን የማውቅ ይመስለኛል።

አክስቴ፣ ያቺ ትንሽ ድንጋይ የማን እንደነበረች የሚነግረን ወረቀት የለም። በሕፃንነት የሞተች ልጅ ላይ ግን ትልቅ ድንጋይ አያቆሙም። ደግሞም አያትዎ «ሌላ ልጅ ቢሆን እገርፈው ነበር» ብላለች። እርስዎን ለምን ሳትቀጣ እንደተወችዎ አሁን ይገባኛል። በዚያ በጋ ስድስት ዓመት የሞላት አርሚንዳ ከፊቷ ቆማ ነበር፤ ሁለቱ ይዘውት የሞቱትን ስም ተሸክማ፣ ቆሽሻ፣ ድንጋይ ታቅፋ፣ ለመጫወት። እኔ በአያትዎ ቦታ ብሆን ኖሮ አገሩን በሙሉ ነቅላ ብትወስድ አልከለክላትም።

ቢያፍሩ እንኳ ቦታውን ለሚስተር ሃች ያሳዩት። እባክዎ።

ልጅዎ ሎሪን


ሃርሞኒ መንገድ፣ አዲሱ ቤት
ሜይ 19 ቀን 1974

ሎሪን ልጄ፣

አልመጣሁም ብለሽ አትጸጸቺ። ቢሮሽ ፈቃድ ከከለከለሽ ከለከለሽ ነው፤ ይልቅ የሆነውን ልንገርሽና እንዳየሽው ቁጠሪው።

ባለፈው ወር ምን ሆኜ ዝም እንዳልኩ ጠይቀሻል። ሰማንያ ዓመት ስሜን ስጠራበት፣ ስፈርምበት፣ በሱ ስሰደብ ኖሬ የማን እንደሆነ አለማወቄ ገረመኝ። በየቀኑ ኮረብታው ላይ እየወጣሁ እቀመጥ ነበር። ማልቀስም አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ከፍ ያለ እንደሆነ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ የለ? እንደዚያ ነበርኩ።

ማክሰኞ ቆፋሪዎቹ መጡ። ሚስተር ሃች የላክሽውን ወረቀት በእጁ ይዟል፤ መሥሪያ ቤቱ ተቀብሎታል። አሥራ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች ከአዲስ ጥድ ተሠርተው መጡ። አራቱን ትልልቆች በማለዳ አወጡ፤ አያቴ ስትነሣ አጠገቧ ቆምኩ። ከዚያ በድንጋዮቹ ሥር መቆፈር ጀመሩ። ሰዎቹ ወጣቶች አይደሉም፣ ልጆች ያሏቸው ናቸው፤ አካፋውን ትተው በእጃቸው ነበር የሚቆፍሩት። በእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር አፈሩ ጠቆር ብሎ፣ የሕፃን ቁመት ያህል ብቻ፣ ቅርጹን ጠብቆ ይገኛል። ሌላ ብዙ ነገር አልቀረም። ምስማር፣ አንድ ቦታ ላይ ከአጥንት የተሠራ የልብስ ቁልፍ። «የእርሻ ድንበር» ብሎኝ የነበረው ሚስተር ሃች ከሦስተኛው በኋላ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አላደረገውም።

አሥራ አንዱ አለቁ። «አሥራ ሁለተኛውስ የት ነው?» አለኝ።

ከቤት ያመጣሁትን ወንበር ሣሩ ላይ አኖርኩና ተቀመጥኩበት። «እዚህ፣ ከእኔ ሥር።»

«ሚስ አርሚንዳ፣ እዚያ ምንም ምልክት የለም።»

«ምልክቱን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመቴ ነበር። ቆፍሩና ከሌለች እኔን ቅበሩበት፤ ጉድጓዱ አይባክንም።»

አንደኛው ሠራተኛ ሳቁን አፈነ። ሚስተር ሃች ግን አልሳቀም። ተንበርክኮ ሣሩን በእጁ ዳሰሰው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ክንዴን ይዞ ከወንበሩ አስነሣኝ። «ቆፍሩ» አላቸው።

ሣሩን ገፈፉ። ቀይ አፈር። ቀይ አፈር። ጉልበት ድረስ ወረዱ፣ አሁንም ቀይ ነው። ሳቁን ያፈነው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝና ማዘኑን ከፊቱ አነበብኩት። ትንሽ ጨመሩ። ከዚያ ከመዳፌ ብዙም የማትሰፋ ጥቁር አፈር ታየች፤ ሰውዬው እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። ከመቶ ዓመት በላይ እዚያ ነበረች፣ ከእኔ በቀር የሚያውቃት ሳይኖር፣ እኔም ማን እንደሆነች ሳላውቅ። አፈሯን በነጭ ጨርቅ ሰብስበው ሣጥኗ ውስጥ አኖሩት። ልይዛት ጠየቅኩ፤ ሰጡኝ። ምንም አትመዝንም ነበር።

አዲሱ መቃብር ጥሩ ቦታ ነው፣ ወደ ምሥራቅ ያያል። እንደ ቀድሞው ከኬዝያ እግር ሥር አሰለፏቸው። ሚስተር ሃች ለድንጋዩ የሚጻፈውን ሊሞላ ቅጹን አወጣ። ለሌሙኤሎቹ ስማቸውን አልኩት። ለስምንቱ ስም የለንምና «የኬዝያ ልጅ» ብለህ ጻፍ አልኩት፣ ስምንት ጊዜም ጻፈ። ሁለቱ ቀሩ። ስሙን ነገርኩት። ለኋለኛዋ፣ በ1860 አራት ዓመት ለሆናት ጻፈና ወደ መጨረሻው ሣጥን ዞረ።

«የዚችኛዋስ?»

«አርሚንዳ ስዋፎርድ።»

ደክሞኝ የተምታታብኝ መሰለውና ድምፁን ለስለስ አድርጎ «የእርስዎን ስም አይደለም የጠየቅሁት እማማ፤ የልጅቷን ነው» አለኝ።

«የልጅቷ ነው» አልኩት። «የተዋስኩት እኔ ነኝ።»

አክስትሽ
አርሚንዳ